መንገዱን የዘጋ እጅ ሰማዩንም ይዘጋል፦ የ1977ቱ የአየር እርዳታ ከወረታ መገንጠያ ሲታይ



የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ሻያችሁን ይዛችሁ ተረጋግታችሁ አንብቡት።

ነገሩ የተነሳው ወረታ ውስጥ ነው። 2016 ዓ.ም፣ ረመዳን ሊገባ ቀናት ሲቀሩት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ መገንጠያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጠናል። በቴሌቪዥኑ ላይ አልጀዚራ የጋዛን ሰማይ ያሳያል። ከወታደራዊ አውሮፕላን የተለቀቁ ጃንጥላዎች ሣጥን አንጠልጥለው ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይወርዳሉ፤ ሰዉ ከታች ወደ ወደቁበት ይሮጣል። በዚያ ሰሞን በእኛም አካባቢ መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን ይዘጋ ነበር። ዘይትም ስኳርም ተወዷል። ከመካከላችን አንድ ወጣት፣ «ለእኛስ እንዲህ ቢጥሉልን ምን አለበት?» አለ። የተወሰነው ሰው ሳቀ።

ያልሳቁት በወጣትነታቸው ከአሰብ ወደብ ስንዴ ያመላለሱ የቀድሞ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ሁላችንም ሐጅ እያልን እንጠራቸዋለን። «ልጄ» አሉት፣ «እህል ከሰማይ ሲወርድ ካየህ ወይ መንገድ የሚባል አልተሠራም፣ ወይ የተሠራውን ሰው ዘግቶታል። መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ጠይቅ።»

እኔም ይህንን ይዤ ወደ ንባብ ገባሁ። ከሰማይ እህል የመጣል ታሪክ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በዓለም ላይ ከተደረጉት ታላላቅ የአየር እርዳታዎች አንዱ የተካሄደው እዚሁ አገራችን ላይ ነው።

▪️ አውሮፕላን በእኛ አገር በምን ይታወቅ ነበር?

የኢትዮጵያ ገበሬ አውሮፕላንን ቀድሞ ያወቀው በቦምብ ነው። በ1928 ዓ.ም የፋሺስት ጣሊያን አየር ኃይል ደሴን ደበደበ፤ በሰሜኑ ጦር ግንባር ደግሞ የመርዝ ጋዝ አዘነበ። በዚያው ዓመት የዚያው አየር ኃይል አውሮፕላኖች በአፋር በረሃ ለሚጓዘው የጣሊያን ጦር ውሃና ምግብ ከአየር ያቀርቡ ነበር። ከሰማይ ስንቅ የመጣል ጥበብ ወደ አገራችን የገባው ወራሪን ለመቀለብ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ ባሉት የእርስ በርስ ጦርነት ዓመታትም ቢሆን በሰሜን ኢትዮጵያ የአውሮፕላን ድምፅ የሰማ ሰው ዋሻና ጥላ መፈለጉ የሚገርም አልነበረም። ስለዚህ በ1977 ዓ.ም በደጋው መንደር ላይ አንድ ትልቅ ወታደራዊ አውሮፕላን እጅግ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ፣ ከታች ያለው ሰው ስንዴ ይጠብቃል ብላችሁ አታስቡ።

▪️ ጥቅምት 1977

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም የእንግሊዙ ቢቢሲ የኮረምን መጠለያ የሚያሳይ ዘገባ አቀረበ። ዘጋቢው ማይክል በርክ ነበር። ምስሉን የቀረጸው ደግሞ ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ነው። ይህ ሰው ከኢትዮጵያ ጋር የተሳሰረ ዕጣ ነበረው። በ1983 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ሲቀርጽ አንድ እጁን አጣ። በ1989 ዓ.ም ደግሞ ተጠልፎ ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሆኖ ሕይወቱ አለፈ። ዓለም በየቤቱ ተቀምጦ የኮረምን ረሃብ ያየው በእሱ ካሜራ ነው።

ምስሉ በተላለፈ በ11ኛው ቀን፣ ጥቅምት 24፣ የእንግሊዝ ንጉሣዊ አየር ኃይል ሄርኩለስ አውሮፕላኖች አዲስ አበባ ገቡ። ዘመቻው በእንግሊዝኛ «ቡሽል» ተባለ፤ ጥንታዊ የእህል መስፈሪያ ስም ነው፣ እኛ ቁና እንደምንለው። የምዕራብ ጀርመን አየር ኃይል ትራንዛል የተባሉ አውሮፕላኖቹን ይዞ መጣ። የደርግ ወዳጅ የነበረችው ሶቪየት ኅብረት አንቶኖቭ አውሮፕላኖችንና ሄሊኮፕተሮችን ላከች። ምሥራቅ ጀርመንም መጣች። ፖላንድ ደግሞ ሚ-8 ሄሊኮፕተሮችን ላከች፤ የዘመቻቸውንም ስም በአማርኛ «ተስፋ» አሉት።

ልብ በሉ! ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ነው። በአውሮፓ ምድር እነዚህ አገሮች ሚሳይል ተደግነው ተፋጥጠዋል። በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ግን የፖላንዱ ሄሊኮፕተር ቀድሞ ሜዳውን ያዘጋጃል፣ የእንግሊዙና የምዕራብ ጀርመኑ አውሮፕላን ተከትሎ ስንዴውን ይጥላል። በዚያን ወቅት በተባበሩት መንግሥታት ስም የአስቸኳይ እርዳታውን ያስተባብሩ የነበሩት ፊንላንዳዊው ኩርት ያንሰን ናቸው። በመንግሥት በኩል ኃላፊነቱ የእርዳታ ማስተባበሪያና መልሶ ማቋቋሚያ ኮሚሽን ነበር፤ ኮሚሽነሩም ሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ።

▪️ ስንዴው እንዴት ነበር የሚወርደው?

በመጀመሪያዎቹ ወራት አውሮፕላኖቹ እህሉን እንደ መቀሌና አክሱም ባሉ ማረፊያ ሜዳዎች ላይ እያረፉ ያራግፉ ነበር። ሜዳ በሌለበትስ? የመንዝና የወሎ አዋሳኝ ደጋን የሚያውቅ ሰው ችግሩ ይገባዋል። አምባው ላይ ሕዝብ አለ፤ ዙሪያው ገደል ነው፤ መኪና የሚደርስበት ቦታና ሕዝቡ ያለበት ቦታ መካከል በእግር የቀናት ጉዞ አለ። የተራበ ሰው ደግሞ ገደል ወርዶ፣ ገደል ወጥቶ፣ ኩንታል ተሸክሞ አይመለስም። ከ1977 ዓ.ም አጋማሽ ጀምሮ ከአየር መጣል የተጀመረው ለእነዚህ ቦታዎች ነው። ከመጣያ ሜዳዎቹ አንዱ በሰሜን ሸዋ፣ በዛሬው ግሼ ወረዳ ያለችው ራቤል ናት።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ሄሊኮፕተሩ ቀድሞ ያርፋል። ሠራተኞቹ የነፋሱን አቅጣጫ ያያሉ፣ ምልክት ያስቀምጣሉ፣ ሰውና ከብት ከሜዳው ያርቃሉ። ከዚያ ትልቁ አውሮፕላን የኋላ በሩን ከፍቶ ይመጣል። ጃንጥላ የለም። ጃንጥላ ውድ ነው፤ ነፋስም ወደ ገደል ይወስደዋል። አውሮፕላኑ ከ10 እስከ 15 ሜትር ድረስ ወደ ምድር ይወርዳል፤ ከአንድ ረጅም ባሕር ዛፍ ጫፍ ያነሰ ከፍታ ማለት ነው። በእንጨት ርብራብ ላይ የተደረደረው ጆንያ በተከፈተው በር ተንሸራትቶ ይወጣል። ስንዴው በአንድ ጆንያ ብቻ አልተሞላም፤ ጆንያው ሌላ ጆንያ ለብሷል። መሬት ሲመታ የውስጡ ቢቀደድ የውጩ እህሉን ይይዘዋል። አውሮፕላኑ ዞሮ ይመለስና እንደገና ይጥላል፣ እንደገና ይዞራል፣ ጭነቱ እስኪያልቅ።

ለአብራሪው ቀላል ሥራ አይምሰላችሁ። ደጋው ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ክንፍም እንደ ቆላው አይሸከምም። ከፊት ተራራ፣ ከጎን ገደል አለ። ይህንን ለወራት፣ ብዙ ጊዜም በቀን ደጋግመው ሠርተውታል። ላደረጉት ምስጋና ይገባቸዋል። ያን ስንዴ በልቶ ከሞት የተረፈ ሰው ልጅ ወልዷል፣ የልጅ ልጅም አይቷል።

▪️ አሁን ወደ ሒሳቡ

የእንግሊዝ አየር ኃይል ዘመቻ 14 ወር ያህል ቆይቶ በ1978 ዓ.ም ታኅሣሥ አካባቢ አበቃ። በዚህ ጊዜ ከ2 ሺህ በላይ በረራ አድርጎ ከ32 ሺህ ቶን በላይ እርዳታ አጓጓዘ። ከዚህ ውስጥ ከአየር የተጣለው 14 ሺህ ቶን ገደማ ነው።

ሐጅ ይህን ቁጥር ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ «በኩንታል ስንት ነው?» ብለው ነው። 14 ሺህ ቶን ማለት 140 ሺህ ኩንታል ነው። ወረታ መገንጠያ ላይ ቆማችሁ የምታዩት ባለ ተሳቢ መኪና 400 ኩንታል ይጭናል። አንድ ሄርኩለስ ቢበዛ ቢበዛ 200 ኩንታል ገደማ ነው፤ የአንድ ባለ ተሳቢ ግማሽ። ስለዚህ ያ ሁሉ በገደል መካከል የተደረገ በረራ፣ ያ ሁሉ ነዳጅና ጀግንነት፣ ከአየር የጣለው እህል 350 ባለ ተሳቢ መኪና የሚጭነውን ያህል ነው። ሐጅ ጥቂት አሰቡና፣ «መንገድ ካለ እኮ የጥቂት ቀን ሥራ ነው» አሉ።

በዚያን ዓመት ለኢትዮጵያ ያስፈልግ የነበረው የእርዳታ እህል ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ነበር። ከመቶ ኪሎ አንድ ኪሎ ተኩል እንኳ የማይሞላው ነው በእንግሊዞቹ እጅ ከሰማይ የተጣለው። የቀረው በመርከብ መጥቶ በመኪና ሄደ። ብዙውም በሰዓቱ አልደረሰም፤ በአሰብ ወደብ እህል ተከምሮ የሚያነሳው መኪና ይታጣ ነበርና። ሐጅ ከዚያ ዘመን በጣም የሚያስታውሱት ይህንኑ ነው። አውሮፕላኑ በዓለም ቴሌቪዥን ታየ። ሸክሙን የተሸከመው ግን መኪናው፣ ሾፌሩና ረዳቱ ናቸው።

ይህን የምለው የአየር እርዳታውን ለማጣጣል አይደለም። ለራቤል ሰው ያ አንድ ኪሎ ተኩል መላ ሕይወቱ ነበር። መንገዱን ተፈጥሮ በዘጋበት ቦታ አውሮፕላን በእርግጥ ነፍስ ያድናል። የሐጅ ጥያቄ የመጀመሪያው ክፍል መልስ ይህ ነው።

▪️ ሰው የዘጋው መንገድስ?

ከባዱ ሁለተኛው ክፍል ነው። የ1977ቱ ረሃብ የዝናብ እጥረት ብቻ አልነበረም። በትግራይ፣ በኤርትራና በሰሜን ወሎ ጦርነት ነበር። በሕወሓትና በሻዕቢያ እጅ ባሉ አካባቢዎች በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተርቧል። ለእርዳታ መኪኖች ሰላማዊ መተላለፊያ ይሰጥ የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ቀረበ፤ ደርግ አልተቀበለም። ስለዚህ ለእነዚያ አካባቢዎች እህል የሚሄደው ከሱዳን ድንበር ተነስቶ በሌሊት ነበር። መኪኖቹ የሚጓዙት ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ነው፤ ቀን ቀን ተሸፍነው ከጦር አውሮፕላን ይደበቃሉ።

እስቲ አስቡት። በአንድ አገር፣ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ረሃብ ውስጥ በአንዱ አምባ ላይ አውሮፕላን ስንዴ ይጥላል፤ ከዚያ ወደ ሰሜን በሌላው አምባ ሥር እህል የጫነ መኪና ከአውሮፕላን ይደበቃል። የእንግሊዙና የጀርመኑ አውሮፕላን ለምን ወደዚያ አልሄደም? ሰማይ ባለቤት ስላለው ነው። የውጭ አገር ወታደራዊ አውሮፕላን የሚበረው በመንግሥት ፈቃድ፣ በተፈቀደለት መሥመር፣ ወደ ተፈቀደለት ቦታ ነው። መኪና እንዳያልፍ ያዘዘ ባለሥልጣን፣ አውሮፕላን እንዲያልፍ አይፈርምም። መንገዱን የዘጋ እጅ ሰማዩንም ይዘጋል። ከዚህም ሌላ፣ ለእርዳታ ከመጡት የሶቪየት አውሮፕላኖች የተወሰኑት ሰዎችን ለሰፈራ ወደ ደቡብ ምዕራብ ለማጓጓዝ ውለዋል፤ ብዙዎቹም በፈቃዳቸው አልሄዱም።

መንገድ የዘጋው ግን ደርግ ብቻ አይደለም። በጥቅምት 1980 ዓ.ም ሻዕቢያ ከአስመራ ወደ ትግራይ እህል ይዘው ሲጓዙ የነበሩ ከ20 በላይ የጭነት መኪኖችን አጥቅቶ አቃጥሏል። ለተራበው ሰው እህሉን ያቃጠለው የየትኛው ወገን እሳት እንደሆነ ምን ለውጥ አለው?

▪️ እብናት፦ እዚሁ ደጃፋችን

ይህን ሁሉ የሩቅ ታሪክ አድርጎ የሚያነብ የወረታ ልጅ ካለ፣ ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ይሂድና አዲስ ዘመን ሲደርስ ወደ ምሥራቅ ይታጠፍ። እብናት ይደርሳል። በ1977 ዓ.ም እብናት ላይ ከበለሳና ከአካባቢው ደጋና ቆላ፣ ከዚያም ራቅ ካለ ቦታ ረሃብ ያፈናቀለው ሕዝብ የተሰበሰበበት ትልቅ መጠለያ ነበር። እብናት መኪና ይገባ ነበር። እህሉም፣ የእርዳታ ድርጅቶቹም እዚያው ነበሩ።

በሚያዝያ 1977 ዓ.ም ማብቂያ ገደማ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከዚያ መጠለያ በግዳጅ እንዲወጣ ተደረገ፤ ጎጆዎቹም ተቃጠሉ። ዝናብ እየመጣ ነው፣ ሂዱና እርሻችሁን እረሱ ተባለ። ብዙዎቹ ግን በሬም፣ ዘርም፣ ለመንገድ የሚሆን ጉልበትም አልነበራቸውም፤ ሕመምተኛና ሕፃን የያዙም ነበሩ። ነገሩ ወደ ውጭ ወጥቶ ዓለም ሲጮህ መንግሥት የአካባቢ ባለሥልጣን የሠራው ስህተት ነው አለ። ከመጠለያው የወጣው ሰው ግን በየመንገዱ ተበትኗል፤ በጉዞ ላይ ያለቀውም ብዙ ነው።

እብናት ለእኔ የዚህ ጽሑፍ እምብርት ናት። ራቤል ላይ መንገድ አልነበረም፤ አውሮፕላን መጣና ሰው ተረፈ። እብናት ላይ መንገድም፣ እህልም፣ ሰጪም ነበር፤ ትእዛዝ መጣና ሰው ተበተነ። ትእዛዝ ያባረረውን ሰው የትኛው አውሮፕላን ተከትሎ ያጎርሰዋል?

▪️ ስሬብሬኒጻና ጋዛ

ይህ ነገር የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ለማየት ሁለት ቦታ ብቻ እንመልከት።

አንደኛው ቦስኒያ ነው። በ1985 ዓ.ም የካቲት መጨረሻ የአሜሪካ አውሮፕላኖች፣ በኋላም የፈረንሳይና የጀርመን፣ በሰርብ ጦር ለተከበቡት የምሥራቅ ቦስኒያ ሙስሊሞች ምግብ በጃንጥላ መጣል ጀመሩ። እዚህ ላይ የከበበው ጦር አልፈቀደም፤ ስለዚህ በሌሊት፣ ተኩስ ከማይደርስበት ከፍታ ነበር የሚጣለው። የሰርብሬኒጻ ሰው በበረዶ ውስጥ በጨለማ ጫካ ለጫካ ሣጥን ፍለጋ ይወጣ ነበር። ጉልበት ያለው ያገኛል፤ አሮጊቷና ወላጅ አልባው ባዶ እጁን ይመለሳል። በግርግርና በወደቀ ጭነት የሞቱም ነበሩ። ቢሆንም ብዙ ነፍስ አትርፏል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ከበባው አልተነሳም። ከሁለት ዓመት በኋላ በሐምሌ 1987 ዓ.ም ስሬብሬኒጻ ወደቀች፤ ከ8 ሺህ በላይ ወንዶችና ልጆች ተገደሉ። ዓለም ለእነዚያ ሰዎች ምግብ ለመጣል አውሮፕላን አላጣም፤ ከበባውን ለማንሳት የሚያስፈልገው ቁርጠኝነት ነበር የጠፋው።

ሁለተኛው በሻይ ቤታችን ቴሌቪዥን ያየነው ነው። የካቲት 23 ቀን 2016 ዓ.ም የአሜሪካ አየር ኃይል ከዮርዳኖስ ጋር ሆኖ በሦስት ሄርኩለስ 38 ሺህ የምግብ እሽግ ጋዛ ላይ ጣለ። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለበት ቦታ ነው እንግዲህ። ከጦርነቱ በፊት በቀን 500 ያህል የጭነት መኪና ይገባበት የነበረ ምድር ነው። ከስድስት ቀን በኋላ ደግሞ ጃንጥላው ያልተከፈተ ጭነት ሰዎች ላይ ወድቆ አምስት ሰው መሞቱን የጋዛ የጤና ባለሥልጣናት አስታወቁ። እህል የጫኑ መኪኖች ያን ጊዜ ከድንበሩ ወዲያ ማዶ ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር። በሐጅ መለኪያ ጋዛ ራቤልን አትመስልም። በመሬት የሚገባ መንገድ አላት፤ የዘጋው ሰው ነው።

▪️ ወረታ፦ የመንገድ ከተማ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1977 ዓ.ም አውሮፕላኖቹ ስንዴ የጣሉት ፎገራ ላይ አይደለም። ፎገራ ሜዳ ነው፤ ከባሕር ዳር ጎንደር የሚሄደው መንገድ ይሰነጥቀዋል። ከወረታ ወደ ምሥራቅ ደግሞ በደብረ ታቦር፣ በጋይንት፣ በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው፣ ቻይናውያን የሠሩት ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ይነሳል። ወረታን ወረታ ያደረጋት ይህ መገንጠያ ነው።

በሌላ በኩል በዚያው በደርግ ዘመን ሜዳው ላይ አንድ ጸጥ ያለ ለውጥ ተጀምሮ ነበር። ርብና ጉማራ በክረምት እየሞሉ ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ውሃ የሚተኛበት መሬት ለጤፍ አይመችም። የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች መጡና በጅግናና በሻጋ ሩዝ ሞከሩ። ገበሬው ከዚያ የቀረለትን ዘር ተቀብሎ አባዛው፤ ዛሬም «ኤክስ-ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስሙን ከዚያች ቀበሌ ይዟል። ያኔ ጎርፍ እያለ የሚያማርረው መሬት ዛሬ የአገሪቱ የሩዝ ጎተራ ከሚባሉት አንዱ ነው። የሩዝ መፈልፈያዎቹ በወረታ መንገድ ዳር ይጮኻሉ፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚሁ ነው። የፎገራ ሩዝ ወደ ጋይንት፣ ወደ ላስታ፣ ወደ ወሎ የሚወጣው በዚያው በመገንጠያው መንገድ ነው።

ይህ መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን በዓይናችን አይተናል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም ጦርነቱ ላሊበላን አልፎ ነፋስ መውጫ ደረሰ፤ ደብረ ታቦርም የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሰማች። እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ 2014 ድረስ የላስታና የዋግ ሰው ከገበያም ከመድኃኒትም ተቆርጦ ቆየ። እኛ ጋ ሩዝ በመጋዘን ነበር። እዚያ ማዶ ረሃብ ነበር። በመካከል ጦር ነበር።

ከዚያም ወዲያ በትግራይ ያለው ሕዝብ በዚያው ጦርነት ተዘግቶበት ነበር። የተባበሩት መንግሥታት በቀን 100 የጭነት መኪና ያስፈልጋል እያለ ይጮህ ነበር፤ ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ግን ከሦስት ወር በላይ አንድም የእርዳታ መኪና በመንገድ መቀሌ አልገባም። መድኃኒትና አልሚ ምግብ የያዙ ጥቂት አውሮፕላኖች መቀሌ አርፈዋል። እነሱም በፈቃድ ነው፤ ፈቃድ ሲኖር ይበራሉ፣ ሲከለከል ይቆማሉ። እህል በብዛት መግባት የጀመረው መጋቢት 2014 ላይ ተኩስ ይቁም ተብሎ መኪኖች ሲያልፉ ነው። የጋይንት እናትና የተንቤን እናት በዚያ ዓመት የጠበቁት አንድ ነገር ነበር፤ ከሰማይ የሚወርድ ሣጥን ሳይሆን የሚከፈት መንገድ።

▪️ ታዲያ ለወጣቱ ምን እንመልስለት?

«ለእኛስ ቢጥሉልን» ላለው ወንድማችን መልሴ ይህ ነው። ከሰማይ የሚጣል እህል ውድ ነው፣ ጥቂት ነው፣ ዘላቂ አይደለም፤ ጉልበት ያለው ቀድሞ ያነሳዋል። ተፈጥሮ በዘጋችው ቦታ ግን ምትክ የለውም፤ ገደል በከበበው አምባ፣ ጎርፍ በቆረጠው መንደር። የእኛም ርብ ሞልቶ ቀበሌ ሲቆርጥ ጀልባም ሄሊኮፕተርም እንጠይቃለን፤ ነውር የለውም። ሰው በዘጋው መንገድ ላይ ግን አውሮፕላን ስንለምን፣ መንገዱን የዘጋውን ሰው መጠየቅ እንዳንረሳ እፈራለሁ። ሣጥኑ ሲወርድ ካሜራው ወደ ሰማይ ይዞራል። ምድር ላይ ኬላ ዘርግቶ የቆመውን ሰው ማንም አያየውም።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። የጋይንት ጎረቤት ፎገራ ነው፤ የፎገራም ጎረቤት ጋይንት። የእኛ ሩዝ ተራራውን ወጥቶ የእነሱ ገብስና ድንች ወደ እኛ ሲወርድ ነው ሁለታችንም የምንኖረው። ለዚህ የሚያስፈልገው ሰላማዊ አስፋልት ነው።

ያን ዕለት ከሻይ ቤቱ ስንወጣ መግሪብ ሊደርስ ነበር። መገንጠያው ላይ ሁለት ባለ ተሳቢዎች ሩዝ ጭነው ቆመዋል፤ ሾፌሮቹ መንገዱ ተከፍቶ እንደሆነ እየተጠያየቁ ነው። ሐጅ ቆም ብለው አዩዋቸውና ወደ ወጣቱ ዞሩ። «አየህ» አሉት፣ «800 ኩንታል እዚህ ቆሟል። አራት ሄርኩለስ ማለት ነው። አውሮፕላኑማ ደጃችን ድረስ መጥቶልናል፤ የጎደለው አሳላፊ ነው።»

አላህ የአገራችንን መንገዶች ሰላም ያድርግልን፤ የተራበን ከማጉረስ የሚከለክል እጅ እንዳንሆን ይጠብቀን። በ1977 ዓ.ም ስለ እብናት ወይም ከአየር ስለተጣለው እህል ከወላጆቻችሁ የሰማችሁት ካለ በአስተያየት መስጫው ላይ አስፍሩልን፤ የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች በሕይወት ሳሉ ይመዝገብ።